«ሁ»፣ «ዛት»፣ «ሁም»፦ በእንግሊዝኛ «እንዲህ ያሉ ሰዎች» ለማለት ስንፈልግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«እዚህ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች»፣ «ፈተናውን ያለፉ ተማሪዎች»፣ «ብር የላክሁላቸው ዘመዶች»። አማርኛ ሰዎችን በቡድን ለይቶ ሲጠራ ግሱን ያስቀድምና «የ» ወይም «የሚ» ያስርበታል። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚሠራው መማሪያ መጻሕፍት «ሪሌቲቭ ክሎዝ» በሚሉት ገላጭ ሐረግ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ደጋግሞ የሚሰናከልባቸው ናቸው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን የጻፍናቸው ጆሮ እንደሚሰማቸው በፊደላችን ስለሆነ ድምፅ አውጥተው ቢያነቧቸው ይሻላል።

ገላጩ የሚመጣው ከሰዎቹ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

በኋላ። እኛ «እዚህ የሚሠሩ» ብለን ጀምረን «ሰዎች» ላይ እናርፋለን። እንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ሰዎቹን ይጠራል፤ የትኞቹ እንደሆኑ የሚነግረን ከዚያ ነው፦ «ዘ ፒፕል ሁ ወርክ ሂር»።

ግእዝ ለለመደ ጆሮ ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። «አቡነ ዘበሰማያት» ሲባል አባት ቀድሞ ተጠርቷል፤ «ዘ» ተከትሎት የት እንዳለ ይናገራል። ግእዝ ለወንድ «ዘ»፣ ለሴት «እንተ»፣ ለብዙዎች «እለ» እያለ ይለያል። የእንግሊዝኛው «ሁ» ግን ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለመቶም ያው ነው፤ በዚህ በኩል ከግእዝ ይቀላል።

ረዘም ያለ ነገር ሲያጋጥም እንዲህ ይፍቱት። «ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር የመጡት ነርሶች ዛሬ ሥራ ይጀምራሉ» የሚለውን እንውሰድ። መጀመሪያ ዋናውን ግስ ይያዙ፤ «ይጀምራሉ» ነው። «እነማን?» ብለው ይጠይቁ፤ ነርሶቹ። እነሱን መዝዘው ከፊት ያስቀምጡ፦ «ዘ ናርስስ»። ቀጥሎ «የትኞቹ?» ብለው ይጠይቁና ገላጩን ከግሱ ይጀምሩ፦ «ሁ ኬም»፤ ከየት፦ «ፍሮም ባሕር ዳር»፤ መቼ፦ «ላስት ዊክ»። ወደ ዋናው ግስ የሚመለሱት ገላጩ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው፦ «ስታርት ወርክ ቱዴይ»። ልብ ካሉት ገላጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልብጧል፤ የእኛ ጊዜ፣ ቦታ፣ ግስ ያለውን እንግሊዝኛው ግስ፣ ቦታ፣ ጊዜ ይለዋል።

መገልበጡ በልምምድ ቶሎ ይገባል። የሚያስቸግረው መገናኛው ላይ ነው፦ ሰው «ላስት ዊክ» ላይ ትንፋሽ ይወስድና «ዜይ ስታርት ወርክ» ብሎ ይቀጥላል። «ዘ ናርስስ» ግን ቀድሞውኑ የ«ስታርት» ባለቤት ነው፤ «ዜይ» ትርፍ ነው።

«ሁ» ካልኩ በኋላ «ዜይ» ወይም «ዘም» ብጨምር ምን ችግር አለው?

የብዙዎቹ ስህተቶች ሥር ይህ ነው፤ መነሻውም አማርኛ ግሳችን ነው። «ያገኘኋቸው ሰዎች» ስንል አንዲቷ ቃል ብዙ ተሸክማለች። «የ» ከ«አገኘ» ጋር ተዋህዶ «ያ» ሆኗል፤ «ኋ» ያገኘሁት እኔ መሆኔን፣ «ቸው» ደግሞ የተገኙት እነሱ መሆናቸውን ይናገራል። «ቸው»ን ብንተዋት ጆሯችን የጎደለ ነገር ይሰማዋል። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ «ቸው»ን ይዘናት እንሄዳለን፦ «ዘ ፒፕል ሁ አይ ሜት ዘም»።

እንግሊዝኛ ይህን አይቀበልም፤ ምክንያቱም «ሁ» ማያያዣ ብቻ ሳይሆን ራሱ ተውላጠ ስም ነው። የ«እነሱ»ን ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ በአንድ ወንበር ሁለት አይቀመጥም። ትክክሉ «ዘ ፒፕል ሁ አይ ሜት»፣ ከዚህም ይበልጥ የተለመደው «ዘ ፒፕል አይ ሜት» ነው። ባለቤት ሲሆንም እንደዚያው፦ «ፒፕል ሁ ሊቭ ሂር» እንጂ «ፒፕል ሁ ዜይ ሊቭ ሂር» አይባልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይህን ሕግ የሰሙ ተማሪዎች ገላጩ ውስጥ ያገኙትን «ዜይ» ሁሉ ይሰርዛሉ። «ፒፕል ሁ ሴይ ዜይ አር ታየርድ» ማለትም «ደክሞናል የሚሉ ሰዎች» ትክክል ነው። እዚህ ሁለት ግሶች አሉ፤ «ሁ» የ«ሴይ» ባለቤት ነው፣ «ዜይ» ደግሞ የ«አር»። ስለዚህ መቁጠር ያለበት ግሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግስ አንድ ባለቤት።

ለሰዎች «ዛት» ማለት ስህተት ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

አይደለም። «ፒፕል ዛት ወርክ አት ናይት» በንግግር ሁልጊዜ የሚሰማ ነው፤ እንዲያውም በዚህ ሥራው «ዛት» ከ«ሁ» በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ «የሚያዝኑ»ን «ዜይ ዛት» ብሎ ጀምሮ፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ «የሚራቡ»ን «ዜይ ዊች» ብሏል። የዛሬዎቹ ትርጉሞች ሁለቱንም «ዞዝ ሁ» ይሏቸዋል። ያኔ ለሰው ይሠራ የነበረው «ዊች» ግን ዛሬ ለሰው አይሆንም፤ «ፒፕል ዊች» ብሎ የጻፈ ሰው ሰዎቹን እንደ ዕቃ የቆጠረ ይመስላል። «ዊች ስቱደንትስ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው፤ «የትኞቹ ተማሪዎች?» ማለት ስለሆነ ምንም ነውር የለበትም።

ምክራችን፦ ሲጽፉ «ሁ»ን ይያዙ፣ ሲያወሩ ስለ «ዛት» አይጨነቁ።

«ቲም» እና «ፋሚሊ» ሰዎች ናቸው ወይስ ድርጅት?

የአሜሪካና የብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ቡድኑን እንደ አንድ ነገር ስለሚያይ «ዘ ቲም ዛት ኢዝ ፕሌይንግ ቱዴይ» ይላል። ብሪታንያ ውስጥ አባላቱን እያሰቡ «ዘ ቲም ሁ አር ፕሌይንግ ቱዴይ» ማለት የተለመደ ነው። «ፋሚሊ» እና «ኮሚቲ»ም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱን አለመቀላቀል ነው፤ «ዘ ቲም ሁ ኢዝ» ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ይቀራል። «ፖሊስ» ግን የትም አገር ብዙ ነው፦ «ዘ ፖሊስ ሁ ወር ዜር»።

ከ«ሁ» በኋላ ግሱ ላይ «ስ» የሚጨመረው መቼ ነው?

«ሁ» ራሱ ቁጥር የለውም፤ ከፊቱ ያለውን ስም ያያል። አማርኛ «ብዙ ሰው መጣ» ብሎ ብዙውን በነጠላ ግስ ስለሚናገር «ፒፕል ሁ ሊቭስ» ማለት ይቀናናል። «ፒፕል» ግን «ስ» ባይኖረውም ብዙ ነው፦ «ፒፕል ሁ ሊቭ»። ስም ላይ ብዙ የምታደርገው «ስ» ግስ ላይ ስትቀመጥ ተቃራኒውን፣ አንድ ሰው መሆኑን መናገሯ ነገሩን ያወሳስባል።

«ኤቭሪዋን» እና «ኤኒዋን» ትርጉማቸው ብዙ ቢመስልም የሚቆጠሩት እንደ አንድ ነው፦ «ኤቭሪዋን ሁ ሀዝ ኤ ቲኬት»፣ ቲኬት ያለው ሁሉ። «ዞዝ» ብዙ ነው፦ «ዞዝ ሁ ሀቭ ኤ ቲኬት»። ፈተና አውጪዎች የሚወዱት ደግሞ «ዋን ኦቭ ዘ ናርስስ ሁ ወርክ አት ናይት» ነው። በሌሊት የሚሠሩ ነርሶች አሉ፤ እሷ ከእነሱ አንዷ ናት፤ «ሁ» ያየው «ናርስስ»ን ስለሆነ «ወርክ»። «ዘ ኦንሊ ዋን ኦቭ ዘ ናርስስ ሁ ወርክስ አት ናይት» ሲሆን ግን የምትሠራው እሷ ብቻ ናት፤ «ወርክስ»።

ነጠላ ሰረዝ ማድረግና አለማድረግ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከዚህ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። «ዳላስ ያሉት ወንድሞቼ ቤት ገዙ» ስንል ሌላ ቦታ ወንድም ይኑረን አይኑረን አማርኛው አይናገርም፤ የሚያውቀን ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን መምረጥ ግድ ነው። ያለ ነጠላ ሰረዝ «ማይ ብራዘርስ ሁ ሊቭ ኢን ዳላስ» ከተባለ ገላጩ ወንፊት ነው፤ ከወንድሞቼ መካከል የዳላሶቹን ለየ፣ ሌላ ቦታ ያሉም አሉ። «ማይ ብራዘርስ፣ ሁ ሊቭ ኢን ዳላስ፣» ተብሎ በሁለት ነጠላ ሰረዝ ከታጠረ ግን ወንድሞቼ ሁሉ ዳላስ ናቸው፤ ገላጩ ተጨማሪ ወሬ ሆነ።

ለዘመድ ጉዳይ ለኤምባሲ ወይም ለጠበቃ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ልጆቹ በሙሉ አዲስ አበባ ሆነው «ማይ ችልድረን ሁ ሊቭ ኢን አዲስ አበባ» ብሎ ያለ ነጠላ ሰረዝ ቢጽፍ አንባቢው «ሌሎቹስ የት ናቸው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ወላጆች ላይ ደግሞ ነጠላ ሰረዙ ሁልጊዜ ይገባል፦ «ማይ ፓረንትስ፣ ሁ ሊቭ ኢን ጎንደር፣»። ተመርጦ የሚለይ ሌላ እናትና አባት የለማ።

ሕዝብን በጅምላ ስንናገር ነገሩ ይከብዳል። «ታክሲ ድራይቨርስ ሁ ድራይቭ ቱ ፋስት ሹድ ፔይ ኤ ፋይን» ማለት በፍጥነት የሚነዱት ባለታክሲዎች ይቀጡ ማለት ነው። ያችኑ ዓረፍተ ነገር «ታክሲ ድራይቨርስ፣ ሁ ድራይቭ ቱ ፋስት፣» ብለው ካጠሯት ባለታክሲ በሙሉ በፍጥነት ነጂ ሆነ፣ ሁሉም ይቀጣ። ትንፋሽ በወሰዱበት ቦታ ሁሉ ነጠላ ሰረዝ የሚያስቀምጡ ሰዎች ሳያስቡት አንድን ሙያ ወይም አንድን ሕዝብ በሙሉ ይከሳሉ። ስለ ስደተኞች፣ ስለ ወጣቶች፣ ስለ ሴቶች ሲጽፉ ሁለት ጊዜ ይዩት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ገላጩን በጣትዎ ሸፍነው የቀረውን ያንብቡ። እነማን እንደተባሉ አሁንም ግልጽ ከሆነና ነገሩ እውነት ሆኖ ከቀጠለ ነጠላ ሰረዝ ይግባ፤ «የትኞቹ?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ ወይም ነገሩ ውሸት ከሆነ አይግባ። ሰረዙ ሲገባ በሁለቱም ጫፍ መሆን አለበት፤ አንዱን ከፍቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። ከነጠላ ሰረዝ በኋላ «ዛት» አይመጣም፤ «ሁ»ንም መዝለል አይቻልም። በንግግር የሰረዙን ሥራ የሚሠራው አጭር ዕረፍትና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

«ሁ»ን ጭራሽ መተው የሚቻለው መቼ ነው?

ከ«ሁ» ቀጥሎ ሌላ ባለቤት ካለ መተው ይቻላል፦ «ዘ ፒፕል አይ ኖው»፣ የማውቃቸው ሰዎች። ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ከሆነ አይቻልም፤ «ዘ ፒፕል ወርክ ሂር» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ «ሰዎቹ እዚህ ይሠራሉ» ይሆናል፤ አድማጭ ገላጭ መሆኑን አያውቅም።

«አብሬያቸው የምሠራቸው ሰዎች» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

«ዘ ፒፕል አይ ወርክ ዊዝ»። መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው «ዊዝ» ለዓይን ያልተጨረሰ ነገር ብትመስልም ቦታዋ እዚያው ነው። «ዘ ፒፕል አይ ወርክ» ብሎ ማቆም ግን በእርግጥ ያልተጨረሰ ነው።

የአማርኛው ግስ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። «ያየኋቸው» ላይ ባዶ «ቸው» ናት፤ በእንግሊዝኛ ትጠፋለች። «ላቸው» ወይም «ባቸው» ካለ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ትተርፋለች። «ብር የላክሁላቸው ዘመዶች» «ዘ ሬላቲቭስ አይ ሴንት መኒ ቱ» ይሆናል፤ «የምንተማመንባቸው ሰዎች» ደግሞ «ዘ ፒፕል ዊ ሪላይ ኦን»። ፍንጭ እንጂ ሕግ አይደለም። «የጠበቅኋቸው ሰዎች» ላይ «ላ»ም «ባ»ም የለም፤ እንግሊዝኛው ግን «ዌይት» ያለ «ፎር» ስለማይሄድለት «ዘ ፒፕል አይ ዌይትድ ፎር» ይላል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ግስ ሲያጠኑ አብራው የምትሄደውን ቃል ጨምረው ይያዙ፤ «ዌይት»ን ብቻ መያዝ ግማሽ ቃል መያዝ ነው።

«ሁም» ዛሬም ይሠራል?

በንግግር እምብዛም። «ዘ ፒፕል ቱ ሁም አይ ሴንት መኒ» በጠበቃ ደብዳቤ ላይ ያምራል፣ ቡና ላይ አያምርም። አንድ ቦታ ግን ተኪ የለውም፦ «ሞስት ኦቭ ሁም»፣ «ሳም ኦቭ ሁም»፣ «ነን ኦቭ ሁም» ሲባል። «30 ሰዎች አመለከቱ፤ አብዛኞቹ ልምድ አልነበራቸውም» የሚለው «ተርቲ ፒፕል አፕላይድ፣ ሞስት ኦቭ ሁም ሀድ ኖ ኤክስፒሪየንስ» ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ በነጠላ ሰረዝ «ሞስት ኦቭ ዘም» ይጽፋል። ያ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ ማጣበቅ ነው፤ መምህር ሁሉ በቀይ ያሰምርበታል። «ዘም»ን ከወደዱ ከፊቱ ነጥብ አስቀምጠው አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ። ሰዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ «ቦዝ ኦቭ ሁም»፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው ሁሉም ከተባሉ «ኦል ኦቭ ሁም» ነው።

«ልጆቻቸው የታመሙባቸው ወላጆች»ስ?

«ፓረንትስ ሁዝ ችልድረን አር ሲክ»። አማርኛው «ቸው»ን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በልጆቹ ላይ አንዴ በግሱ ላይ ጠርቷታል፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም በ«ሁዝ» ጠቅልሏቸዋል። ስለዚህ «ፓረንትስ ሁ ዜር ችልድረን» አይባልም፤ ከ«ሁዝ» በኋላ «ዘ» መጨመርም አይቻልም። በፊደላችን ስንጽፈው «የእነማን» የሚለው «ሁዝ» እና «ሁ ኢዝ» ሲያጥር የሚሰጠው «ሁዝ» አንድ ናቸው፤ በእንግሊዝኛም ድምፃቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ነው፦ አጭሩ ሽቅብ የተሰቀለች ጭረት አለችው፣ የባለንብረቱ የለውም። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎችም ዘወትር የሚሳሳቱባት ስለሆነች ብዙ አያፍሩ።

«የጨረሱ መውጣት ይችላሉ» ስንል «ሰዎች» አንልም። በእንግሊዝኛስ?

እዚያ ገላጩ ብቻውን መቆም አይችልም፤ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። «ሁ ፊኒሽድ ካን ሊቭ» ከተባለ ጥያቄ ይመስላል። ድጋፉ «ዞዝ»፣ «ኤኒዋን»፣ ወይም «ዘ ዋንስ» ነው። መድረክ ላይና በማስታወቂያ «ዞዝ ሁ ሀቭ ፊኒሽድ» ይስማማል። «የፈለገ ይምጣ» ሲባል ማንንም የሚጨምር ስለሆነ «ኤኒዋን ሁ ዋንትስ ቱ ካም» ይሻላል። በወዳጆች መካከል፣ ከሚታወቅ ቡድን መርጠን ስናወራ ደግሞ «ዘ ዋንስ ሁ ኬም ሌት»፣ እነዚያ አርፍደው የመጡት።

አውሮፕላን ማረፊያ «ፓሰንጀርስ ትራቭሊንግ ቱ» ሲሉ «ሁ» የት ገባ?

«ሁ አር» ተቆርጦ ነው፤ ሙሉው «ፓሰንጀርስ ሁ አር ትራቭሊንግ» ነበር። ሰዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት ከሆነ ግሱ በ«ኢንግ» ይቀራል፦ «ፒፕል ዌይቲንግ አውትሳይድ»፣ ውጭ የሚጠብቁ ሰዎች። የሚሠራባቸው ከሆነ፣ ማለትም አማርኛው «የተ» ካለው፣ ሦስተኛው የግስ ቅርጽ ይመጣል፦ «ፒፕል ኢንቫይትድ ቱ ዘ ዌዲንግ»፣ ሠርግ የተጠሩ ሰዎች። «ፒፕል ኢንቫይቲንግ» ካሉ ጠሪዎቹ እነሱ ሆኑ።

ያለቀ ነገር ላይ «ኢንግ» አይሠራም። «ትናንት የደረሱ እንግዶች» «ጌስትስ ሁ አራይቭድ የስተርዴይ» ነው እንጂ «ጌስትስ አራይቪንግ የስተርዴይ» አይደለም። «ልጆች ያሏቸው ሰዎች»ም «ፒፕል ሀቪንግ ችልድረን» ሳይሆን «ፒፕል ዊዝ ችልድረን» ነው፤ ያለ ግስ፣ ባጭሩ።

«ዘ ብላይንድ» ማለት ይሻላል ወይስ «ፒፕል ሁ አር ብላይንድ»?

በሰዋስው ሁለቱም ልክ ናቸው። «ዘ ፑር»፣ «ዘ ኤልደርሊ» ሲባል መጨረሻው ላይ «ስ» አይጨመርም፤ ግሱ ግን የብዙ ነው፦ «ዘ ፑር አር»። ለአንድ ሰው ደግሞ አይሠራም፤ «ኤ ፑር» ብሎ ማቆም አይቻልም፣ «ኤ ፑር ፐርሰን» ነው።

አነጋገሩ ግን ተለውጧል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው የትምህርት ሕግ በስሙ ውስጥ «ሀንዲካፕድ ችልድረን» ይል ነበር፤ በ1990 ስሙ ሲለወጥ «ኢንዲቪጁዋልስ ዊዝ ዲስኤቢሊቲስ» ሆነ፣ ሰውየው ቀድሞ ጉዳቱ ተከተለ። ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ነገር ላይ ይህ መልክ ይመረጣል። መስማት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች ግን «ፒፕል ሁ አር ዴፍ» ከመባል «ዴፍ ፒፕል» መባልን ይመርጣሉ፤ የራሳቸው ቋንቋና ማኅበረሰብ ያላቸው ስለሆነ መጠሪያቸውን እንደ ማንነት ያዩታል። ስለ አንድ ቡድን ከመጻፍዎ በፊት ቡድኑ በራሱ ጽሑፎች ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ አይተው በዚያው ይጥሩት።